ፋቲን ሐማማና ኦማር ሸሪፍ፦ መቼ ተጋቡ፣ መቼ ተለያዩ፣ መቼ ተፋቱ?

ጥቁርና ነጭ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ግብፃውያኑ የፊልም ተዋንያን ስለ ፋቲን ሐማማና ስለ ኦማር ሸሪፍ ትዳር አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ችግሩ ባነበብኩ ቁጥር ዓመቶቹ ይለዋወጡብኛል። አንዱ በ1954 ተጋቡ ሲል ሌላው 1955 ይላል። ፍቺውንም አንዱ 1966፣ ሌላው 1974 ያደርገዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቀም፤ አለበለዚያ ይብሱኑ እንወናበዳለን።)

ከዓመቶቹ ሌላ ማረጋገጥ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። "ነህር አል-ሁብ" የተባለውን ፊልም የሠራው የፋቲን የቀድሞ ባል ነው የሚባለው እውነት ነው? ትዳሩን ያፈረሰችው ባርብራ ስትራይሳንድ ናት የሚባለውስ? የመጨረሻ ባሏ መሐመድ አብደል ዋሃብ ይባላል፤ ዘፋኙ ነው? "ኡሪድ ሐላን" ("መፍትሔ እፈልጋለሁ") የተባለው ፊልሟ የራሷ የፍቺ ታሪክ ነው? ሁለቱ አብረው የሠሯቸውን ፊልሞች በየትኛው ቅደም ተከተል ማየት እንደሚሻልም የምታውቁ ንገሩኝ።

ናይል ዳር

ዓመቶቹ የሚምታቱት ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። 1954 ያገናኛቸው ፊልም የወጣበት ዓመት ነው፤ የተጋቡት በ1955 ነው። 1966 የተለያዩበት ዓመት ነው፤ በሕግ የተፋቱት በ1974 ነው። ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ ተለያይተው እየኖሩ በወረቀት ባልና ሚስት ነበሩ። ጽሑፍህ ላይ "ተለያዩ" እና "ተፋቱ" የሚሉትን ቃላት አንዱን በሌላው አትተካ። ግማሹ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ከመነሻው ልያዘው። ፋቲን የተወለደችው በግንቦት 1931 ሲሆን ካሜራ ፊት የቆመችው ገና ሕፃን ሳለች፣ በ1940 በወጣ ፊልም ነው። በ1947፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ዳይሬክተሩን ኢዝ አል-ዲን ዙልፊቃርን አገባች። ሰውየው ወደ ፊልም የመጣው ከጦር መኮንንነት ነው፤ በዕድሜም ብዙ ይበልጣታል። ናድያ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። ፋቲን ስለዚያ ትዳር ስትናገር፣ ፍቅር የመሰላት ተማሪ ለመምህሩ የሚኖረው አድናቆት እንደነበር ገልጻለች። የተፋቱት በ1954 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ፊልም የሠሩት ዙልፊቃሮች ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፦ ማሕሙድ፣ ኢዝ አል-ዲንና ሳላህ። የፋቲን ባል ኢዝ አል-ዲን ነው። ሳላህ ተዋናይ ነው፤ ተዋናይቱን ሻዲያን ያገባው እሱ ነው። "ዙልፊቃር" ብለህ ብቻ ከጻፍክ አንባቢ ሌላውን ያስባል።

ኦማር የተወለደው በሚያዝያ 1932 እስክንድርያ ውስጥ ሲሆን ስሙ ሚሼል ሻልሁብ ነበር። ቤተሰቡ ከሌቫንት (ከሶርያና ሊባኖስ አካባቢ) የመጣ፣ የመልኪት ካቶሊክ ነው። አባቱ የእንጨት ነጋዴ ነበር። በእስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ፊዚክስ አጠና። ዳይሬክተሩ ዩሱፍ ሻሂንም የዚያችው ከተማና የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ሻሂን የ1954ቱን ፊልም "ሲራዕ ፊ አል-ዋዲ"ን ሲያዘጋጅ ዋናዋ ተዋናይ ፋቲን ነበረች፤ ተዋናዩ ሹክሪ ሰርሐን ከጎኗ እንዲሠራ አልተቀበለችም። ሻሂን ማንም የማያውቀውን ሚሼልን አመጣ። ፋቲን በዚያን ጊዜ የታወቀች ኮከብ ነበረች፤ በፊልም ላይ መሳም እንደማትፈልግም ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚህ ፊልም ግን ከአዲሱ ልጅ ጋር ተሳሳመች። የግብፅ ጋዜጦች ያንን አንድ ትዕይንት ይዘው ያወሩት ወሬ ዛሬም አላለቀም።

ሃይማኖት መቀየሩን በተመለከተ ብዙዎች ነገሩን የፍቅር ተረት ብቻ ያደርጉታል። ሕጉን አስገባበት። በግብፅ የቤተሰብ ሕግ ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ማግባት አትችልም፤ ቢጋቡም ጋብቻው እንዳልነበረ ይቆጠራል። እሱ ካልሰለመ ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌላው የሚስቱት ነገር ደግሞ ስሙ ነው። "ኦማር ሸሪፍ" የሚለውን ስም ያገኘው ሲሰልም አይደለም። የመድረክ ስሙ በ1954ቱ ፊልም ላይ ቀድሞ ወጥቷል፤ መስለሙና ጋብቻው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም በእስልምና ሕግ የተፈታች ሴት እንደገና ለማግባት ሦስት የወር አበባ ዙር መጠበቅ አለባት፤ ኢዳ ይባላል። "በ1954 ተፋታ በማግስቱ ተጋባች" የሚለው አጻጻፍ ለዚህም ሲባል አይሆንም።

ታሪክ የተባለው ወንድ ልጃቸው የተወለደው በ1957 ነው።

የሞንታዥ ጠረጴዛ

ስለ ፊልሞቹ እኔ ልመልስ። አዎ፣ "ነህር አል-ሁብ"ን የሠራው የቀድሞ ባሏ ኢዝ አል-ዲን ዙልፊቃር ነው፤ የወጣው በ1960 ነው። እሱ ከካሜራው ኋላ፣ የቀድሞ ሚስቱና የአሁኑ ባሏ ከካሜራው ፊት። ሰው ይህን ሲሰማ ቅሌት ይመስለዋል፤ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1959፣ "በይን አል-አጥላል"ን ከእሱ ጋር ሠርታለች፤ ያኔ ከጎኗ የነበረው ዒማድ ሐምዲ ነው። ፍቺው የሥራ ግንኙነታቸውን አላቋረጠውም፤ ይህን በደንብ ጻፈው። ዙልፊቃር በ1963 ሞተ።

አብረው የሠሯቸው ስድስት ፊልሞች ናቸው፦ "ሲራዕ ፊ አል-ዋዲ" (1954)፣ "አያምና አል-ሒልዋ" (1955)፣ "ሲራዕ ፊ አል-ሚና" (1956)፣ "አርድ አል-ሰላም" (1957)፣ "ሰይዲት አል-ቀስር" (1958) እና "ነህር አል-ሁብ" (1960)።

በየትኛው ተራ ይታዩ ላልከው፣ በዓመት ቅደም ተከተላቸው ማየት ይሻላል፤ ምክንያቱም የኦማር ትወና ከፊልም ፊልም ሲያድግ ይታያል። በመጀመሪያው ላይ እሷ ትመራዋለች፤ እሱ ገና ነው። የግብርና ባለሙያው አሕመድ የገበሬዎቹን የሸንኮራ አገዳ ጥራት ያሻሽላል፤ ፓሻው በዚህ ይናደዳል። የፓሻው ልጅ ደግሞ የአሕመድ ፍቅረኛ ናት። መጨረሻ ላይ ያለው የካርናክ ቤተ መቅደስ ማሳደድ ብቻውን ፊልሙን ለማየት ይበቃል። ሻሂን ዓምዶቹን እንደ ጫካ ነው የተጠቀመባቸው። ፓሻውን የሚጫወተው ዛኪ ሩስቱም ነው። ይህን ሰው ልብ በልልኝ፤ በ"ነህር አል-ሁብ"ም ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ አባቷ ሳይሆን ባሏ ሆኖ።

"አያምና አል-ሒልዋ" ከትዳራቸው ዓመት ጋር የሚገጥመው ነው። ሦስት ድሃ ተማሪዎች በአንድ ሰገነት ላይ ይኖራሉ፤ አንዲት ልጅ ጎረቤታቸው ሆና ትመጣለች፤ ሦስቱም ይወዷታል። ሦስቱ ኦማር፣ አብደል ሐሊም ሐፊዝና በመጀመሪያ ፊልሙ የመጣው አሕመድ ራምዚ ናቸው። ዳይሬክተሩ ሂልሚ ሐሊም ነው። "ሲራዕ ፊ አል-ሚና" እስክንድርያ ወደብ ላይ የተቀረጸ የሻሂን ሥራ ነው። የጭነት ሠራተኞቹ ኑሮ ከፍቅሩ ይልቅ ይመስጣል። "አርድ አል-ሰላም" እና "ሰይዲት አል-ቀስር" ሁለቱም የከማል አል-ሼይኽ ናቸው። የመጀመሪያው በፍልስጤም መንደር ስለተደበቀ ግብፃዊ ተዋጊ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ደሃ ልጅ ሀብታም አግብታ ቤቱን ከሞሉት ጥገኛ ወዳጆቹ ጋር የምትታገልበት ነው። ጊዜ ካጠረህ ሁለቱን እለፋቸው። የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ግን ሳታይ ስለ ትዳሩ ባትጽፍ እመርጣለሁ።

ፊልሞቹን ስትፈልግ በርዕስ ብቻ አትሂድ። አንዱ ፊልም በውጭ ቋንቋ ሦስት አራት ርዕስ ተሰጥቶታል፤ "ሲራዕ" (ትግል) የሚል ቃል ያለባቸው ሁለቱ የሻሂን ፊልሞች ደግሞ ሁልጊዜ ይቀያየራሉ። በዳይሬክተሩ ስምና በዓመቱ ፈልግ። የአንድ ዓመት ልዩነት ካየህ አትደንግጥ፤ አንዱ የተቀረጸበትን፣ ሌላው ሲኒማ ቤት የገባበትን ዓመት ነው የሚጽፈው።

ናይል ዳር

ጥሩ ዝርዝር ነው፤ ግን ሰባት ናቸው። በ1957 የወጣውን የሳላህ አቡ ሰይፍን "ላ አናም" ረሳኸው። በቀለም የተሠራ ነው፤ ታሪኩ የደራሲው የኢሕሳን አብደል ቁዱስ። ፋቲን በዚያ ደግ ልጅ አይደለችም። ናድያ ሉጥፊ የተባለች፣ የአባቷን ትዳር በተንኮል የምታፈርስ ወጣት ናት። ተመልካቹ ከለመደው ፋቲን ፈጽሞ የራቀ ነው። ናድያ ሉጥፊ የተባለችው ተዋናይት ስሟን ያገኘችው ከዚህ ገጸ ባሕርይ ነው።

የሞንታዥ ጠረጴዛ

ልክ ነህ፣ ኦማር እዚያ አለ። ያላስገባሁት ጥንድ ሆነው የቆሙበት ፊልም ስላልሆነ ነው፤ ክብደቱ ያለው ሌሎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ጠያቂው "ሰባት ፊልም ላይ አብረው ታይተዋል፤ በስድስቱ ዋናዎቹ ጥንዶች እነሱ ናቸው" ብሎ ቢጽፍ ሁለታችንም እንስማማለን። ስድስትና ሰባት የሚሉት ጽሑፎች የሚለያዩትም በዚሁ ነው።

ጥቁርና ነጭ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ መለያየቱ እንዴት መጣ የሚለውና የ"ኡሪድ ሐላን" ጉዳይ። አንድ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ "እሱ ሆሊዉድ ሲሄድ እሷ ካይሮ ቁጭ ብላ ጠበቀችው" ይላል። ልክ ነው?

ናይል ዳር

አይደለም፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ካለበት ጽሑፍ ሌላም ነገር አትቅዳ።

ቅደም ተከተሉን አስቀምጥ። ኦማር በ1961 የዴቪድ ሊንን የበረሃ ፊልም "ሎረንስ ኦፍ አረቢያ"ን ለመሥራት ዮርዳኖስ ገባ። ፊልሙ በ1962 መጨረሻ ወጣ፤ እሱም በረዳት ተዋናይ ለኦስካር ታጨ፤ ሁለት ጎልደን ግሎብም አገኘ። ከዚያ በኋላ ሥራው ያለው ውጭ ነው። በፕሬዚዳንት ናስር ዘመን ግን ግብፃዊ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ማግኘት ነበረበት፤ ፓስፖርት ብቻ አይበቃም። ፈቃዱ ለእያንዳንዱ ጉዞ ይጠየቃል፤ ሊዘገይም ሊከለከልም ይችላል። የፊልም ቀረጻ ደግሞ ቀን አይጠብቅም፤ ተዋናዩ በተባለበት ዕለት ካልደረሰ ቡድኑ በሙሉ ይቆማል፤ ገንዘቡ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ኦማር በ1965 አውሮፓ ለመቅረት የወሰነው በዋናነት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተናግሯል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ወደ ግብፅ መግባት ማለት ተመልሶ ላለመውጣት መጋለጥ ነበር። ትዳሩን የበላው መጀመሪያ ይህ የመውጫ ቪዛ ማኅተም ነው፤ ሰው ግን ቆንጆ ሴት ፍለጋ ይሄዳል።

በዚያው በ1965 "ዶክተር ዢቫጎ" ወጣ። የዢቫጎን ልጅነት የሚጫወተው ልጃቸው ታሪክ ነው፤ ያኔ ስምንት ዓመቱ። አባትና ልጅ አንድን ሰው ተካፍለው ተጫወቱት ማለት ነው።

ፋቲን ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት። የስለላ ድርጅቱ እንድትተባበር ጫና አድርጎባታል፤ እንዳትጓዝም ተከልክላ ነበር። በ1966 ግብፅን ለቃ ወጣች። ቤይሩትና ለንደን እየተመላለሰች ኖረች። ናስር እንድትመለስ ሰዎች እስከ መላክ ደርሷል፤ "ብሔራዊ ሀብት" ብሎ ጠርቷታል። አልተመለሰችም። የተመለሰችው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1971 ነው። ስለዚህ "ካይሮ ቁጭ ብላ ጠበቀችው" የሚባልባቸው አምስት ዓመታት እሷ ካይሮ አልነበረችም። ሁለቱም ከአንድ መንግሥት ሸሽተው ነበር፤ የሸሹበት አቅጣጫ ግን ተለያየ። እሷ የአረብኛ ፊልም ተዋናይት ናት፤ ሥራዋ፣ ተመልካቿ፣ ቋንቋዋ እዚያው አካባቢ ነው። ቤይሩት ሆና መሥራት ትችላለች፤ በሆሊዉድ የባሏ አጃቢ ሆና መኖር ግን "የአረብ ስክሪን እመቤት" ለምትባል ሴት የሚሆን አልነበረም። እሱ ደግሞ ቢመለስ ሥራውን ያጣል።

ኦማር ራሱ በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች መለያየቱን ያነሳው እሱ እንደሆነ ተናግሯል። ከቤት ርቆ በዚያ ዓይነት ሕይወት ታማኝ ሆኖ መቆየት እንደማይችል ፈራ፤ ስለዚህ ከማታለል መለያየትን መረጠ። ይህን ስትጽፍ "እንደ እሱ አባባል" በል፤ ፋቲን ስለ ግል ሕይወቷ ብዙ አትናገርም ነበርና በእጃችን ያለው በአብዛኛው የአንዱ ወገን ቃል ነው።

ስትራይሳንድን በተመለከተ ቀን ቆጠራው ራሱ ይመልስልሃል። መለያየቱ 1966 ነው። እሱና ስትራይሳንድ የተወኑበት "ፈኒ ገርል" የተቀረጸው ግብፅ በእስራኤል ከተሸነፈችበት ከሰኔ 1967ቱ ጦርነት በኋላ ሲሆን የወጣው በ1968 ነው። በግብፅ የተነሣው ቁጣም የትዳር ቁጣ አልነበረም። ከሽንፈቱ ማግስት አንድ ግብፃዊ እስራኤልን ከምትደግፍ አይሁዳዊት ጋር ተሳሳመ የሚል ነበር፤ ፊልሙም ታገደ። ሁለቱን ወሬዎች ያጣበቃቸው ጊዜ ነው።

በ1974 ፍቺው በሕግ ተፈጸመ። በ1975 ፋቲን ዶክተር መሐመድ አብደል ዋሃብ ማሕሙድን አገባች። የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው፤ እስክትሞት አብረው ኖሩ። ዘፋኙ መሐመድ አብደል ዋሃብ ሌላ ሰው ነው። ግርታው የሚጸናው ደግሞ በምክንያት ነው፦ ፋቲን በልጅነቷ የታየችበት የ1940ው ፊልም ዋና ተዋናይ ዘፋኙ ነበር። አንባቢ ሁለቱን ስም አንድ ገጽ ላይ ካየ አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ባሏን ስትጠቅስ "ዶክተር" የሚለውንና "ማሕሙድ" የሚለውን አትተው።

የችሎት ደጃፍ

የ"ኡሪድ ሐላን"ን ነገር እኔ ልውሰደው፤ ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱበት ነውና።

ፊልሙ በ1975 ወጣ። ታሪኩ የጋዜጠኛዋ የሑስን ሻህ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሳዒድ መርዙቅ። ዱርያ የተባለች ሴት ዲፕሎማት ባሏን (ሩሽዲ አባዛ) መፍታት ትፈልጋለች፤ እሱ አይፈታትም፤ ፍርድ ቤት ዓመታት ያመላልሳታል፤ በመጨረሻም ትሸነፋለች። ፋቲን ከኦማር በተፋታች ማግስት የወጣ በመሆኑ "ይኼ የእሷ ነው" ተባለ። አይደለም። የዱርያ ችግር የማይፈታ ባል ነው፤ ፋቲን ከኦማር ጋር እንዲህ ያለ ሙግት አልነበራትም።

ፊልሙ የሚያሳየው ሕጉን ነው፤ ሕጉን ካላወቅህ ደግሞ የፊልሙ ግማሽ ያመልጥሃል። በዚያን ጊዜ የሚሠራው በ1920ውና በ1929ኙ፣ ሁለቱም ቁጥር 25 በሆኑት ሕጎች ነው። ባል ሚስቱን በቃሉ ይፈታል፤ ማእዙን የሚባለው መዝጋቢ ይመዘግበዋል፤ ምክንያት አይጠየቅም። እሷ እንድታውቅ እንኳ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ሚስት ግን ፍርድ ቤት ሄዳ ጉዳት እንደደረሰባት በምስክር ማረጋገጥ ነበረባት። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የቤት ውስጥ በደል ምስክር የለውም። ያየ ዘመድ ቢኖር የባል ዘመድ ነው፤ ሠራተኛ ቢኖር ደመወዙን የሚከፍለው ባል ነው። ምስክሮቹ ካልገጠሙ ክሱ ውድቅ ይሆናል። ከውድቀቱ በኋላ እንደገና ብትከስ ሁለት ሽማግሌዎች ተሹመው ጉዳዩ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ይህም ጊዜ ይፈጃል። "የታዛዥነት ቤት" የሚሉት ሥርዓትም ነበር፤ ከባሏ ቤት የወጣችን ሚስት እንድትመለስ የሚያዝ ፍርድ ነው። ይህን በፖሊስ ማስፈጸም የቆመው በ1967 ነው።

የኮሪደሩን ትዕይንቶች ደግመህ እያቸው። አሚና ሪዝቅ የምትጫወተው ሴት ዕድሜ ልኳን በትዳር ኖራ በእርጅናዋ የተፈታችና ቀለብ አጥታ ችሎት የምትመላለስ ናት። ካሜራው ዱርያን ትቶ እሷ ላይ ሲቆም፣ ታሪኩ የአንዲት ሀብታም ሴት ብቻ እንዳልሆነ ይገባሃል።

"ፊልሙ ሕጉን ቀየረው" ከማለትህ በፊት ግን አስብበት። ክርክሩን ወደ አደባባይ አውጥቷል፤ ሕጉ የመጣው ግን ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የ1979ኙ ቁጥር 44 በፕሬዚዳንት ሳዳት አዋጅ ወጣ፤ ሰው በሚስቱ ስም "የጂሃን ሕግ" ይለዋል። ፍቺን ለሚስት ማሳወቅ ግዴታ ሆነ፤ ባሏ ሁለተኛ ያገባባት ሴትም ፍቺ የመጠየቅ መብት አገኘች። በ1985 ጠቅላይ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሻረው። የሻረበት ምክንያት ይዘቱ አልነበረም፤ ፓርላማው በሌለበት ያለ አስቸኳይ ምክንያት በአዋጅ መውጣቱ እንጂ። በዚያው ዓመት በቁጥር 100 ተተካ። ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ፣ ጥሎሿንና የገንዘብ መብቷን ትታ መፋታት የቻለችው በ2000 በወጣው ቁጥር 1 ነው፤ ኹልዕ ይባላል። ዱርያ የፈለገችው መፍትሔ የመጣው ፊልሙ ከወጣ 25 ዓመት ቆይቶ ነው።

ለጽሑፍህ አንድ ሐሳብ ልጨምር። "ነህር አል-ሁብ" ውስጥም ፋቲን ከማትወደው ባለሥልጣን ባል መላቀቅ የምትፈልግና በልጇ የምትያዝ ሚስት ናት። በ1960 መላቀቂያው ሞት ነበር፤ በ1975 ፍርድ ቤት ሆነ። በሁለቱ መካከል የራሷ ትዳር በዝምታ ፈርሷል። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ከሐሜቱ ሁሉ የበለጠ ይናገራሉ።

የሞንታዥ ጠረጴዛ

ሌሎች ጥንዶችን ለማነጻጸር ካሰብክ ዘፋኟን ለይላ ሙራድንና ተዋናዩን አንዋር ዋግዲን ውሰድ፤ ሕጉ ከላይ ናይል ዳር እንዳለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያስር በደንብ ያሳያሉ። በ1945 ሲጋቡ እሷ አይሁዳዊት ነበረች፤ እሱ ሙስሊም። ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ማግባት ስለሚችል ጋብቻው ያለ ችግር ተፈጸመ፤ እሷ የሰለመችው ከጋብቻው በኋላ ነው። ኦማር ግን መቅደም ነበረበት። ብዙ ጽሑፎች ሁለቱን "ለፍቅር ሃይማኖት የቀየሩ" ብለው በአንድ ሰንጠረዥ ያስቀምጧቸዋል፤ የአንደኛው ግዴታ፣ የሌላኛዋ ምርጫ ነበር።

ጥቁርና ነጭ (ጠያቂ)

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ፦ "ከእሷ በቀር ሌላ ሴት አልወደድኩም" ብሏል የሚባለውን ልጠቀምበት? የሞታቸውንስ ቀን እርግጠኛ የሆነ አለ?

ናይል ዳር

ይህን መሰል ነገር በተለያየ ጊዜ ተናግሯል፤ እንደገና አለማግባቱም እውነት ነው። ግን በ1955 የተናገረውና በ70 ዓመቱ የተናገረው አንድ አይደለም። ቃሉን ከተጠቀምክ የተናገረበትን ዓመት ከጎኑ ጻፍ፤ ዓመቱን ካላገኘህ ተወው። እንደገና አለማግባቱን ብቻ መጻፍ በቂ ነው። ለእሷም ፍትሐዊ ይሆናል፤ በ1975 አግብታ አርባ ዓመት ያህል በትዳር የኖረች ሴት ናት። የእሱን ትዝታ የጽሑፍህ መደምደሚያ ስታደርገው የእሷን ግማሽ ሕይወት ትሰርዛለህ።

ፋቲን የሞተችው ጥር 17 ቀን 2015 ነው። ኦማር ሐምሌ 10 ቀን 2015፣ ካይሮ ውስጥ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም። (የወሮቹን ስም በአውሮፓውያኑ ቁጠርልኝ፦ አንደኛውና ሰባተኛው ወር።) ሁለቱም በ83 ዓመታቸው ነው፤ በመካከሉ ያለው ስድስት ወር አይሞላም። የኦማርን የአልዛይመር ሕመም ለሕዝብ የገለጸው ልጁ ታሪክ ነው፤ ያም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው።

ትዳሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ካስፈለገህ "በ1955 ተጋቡ፣ ከ1966 ጀምሮ ተለያይተው ኖሩ፣ በ1974 ተፋቱ" በል።

የሞንታዥ ጠረጴዛ

ፎቶ ልታስገባ ከሆነም ተጠንቀቅ። ከፊልም የተነሣ ምስል የቤታቸው ፎቶ እየተባለ ይዞራል። ልብሱን ተመልከት፦ እሱ የመኮንን ልብስ ከለበሰ "ነህር አል-ሁብ" ነው፤ ከኋላቸው መርከብና ገመድ ካለ "ሲራዕ ፊ አል-ሚና"። ግዙፍ የድንጋይ ዓምድ ካየህ ካርናክ ነው፤ ያ ማለት ገና አልተጋቡም።